ጠባይ የሚያዘው ሰርቪሱ ቆሞ ሳለ ነው

ጥያቄ፦ «ደሴ ውስጥ የተማሪ ሰርቪስ ረዳት ሆኜ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። መኪናችን ሚኒባስ ነው፤ ከኬጂ እስከ 6ኛ ክፍል ያሉ ልጆችን አደባልቀን እንጭናለን። አይሰሙኝም። ይቆማሉ፣ ይገፋፋሉ፣ እጃቸውን በመስኮት ያወጣሉ። ከኋላ የሚቀመጡት ትልልቆቹ ትንንሾቹን ያስለቅሳሉ። ሹፌሩ ‹ካልተቆነጠጡ አይሰሙም› ይለኛል፤ አንዳንዴ ሆን ብሎ ፍሬን ይይዝና ያንገጫግጫቸዋል። ማታ ቤቴ የምገባው ጉሮሮዬ ተዘግቶ ነው። ምን ባደርግ ይሻላል?»

አብሽሪ እህቴ። ልጆቹ ስላልሰሙሽ ባለጌዎች ናቸው ማለት አይደለም። አንቺም ሥራው አይሆንልሽም ማለት አይደለም። ሞተሩ ይጮሃል፣ መስታወቱ ይንቀጫቀጫል፣ ልጆቹ ያወራሉ፣ ከውጭ ባጃጁ ክላክሱን ይነፋል። በዚህ ሁሉ መሃል ያንቺ ጩኸት አንድ ተጨማሪ ጩኸት ነው። ልጅ ደግሞ ከለመደው ጩኸት ጋር መኖር ያውቅበታል፤ እናቱ አሥር ጊዜ ጠርታው የማይነሳው ለዚህ ነው።

እኔ መጀመሪያ የታችኛው ክፍል መምህርት ነበርኩ። በኋላ ኮምቦልቻ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት የሰርቪስ ጉዳይ እኔ ላይ ወደቀ፤ ከዚያ ወዲህ ሹፌሮችንና ረዳቶችን ሳሠለጥን ዓመታት አልፈዋል። ከዚህ ሁሉ የቀረልኝ አንድ ነገር ነው። የሰርቪስ ጠባይ መኪናው እየሄደ አይማሩትም። እየሄደ የምታደርጊው ማስታወስ ብቻ ነው። ማስተማር የሚቻለው መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ማንም ሳይቸኩል ነው። እናንተ ጋ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አቁሞ ያስተማራቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። ከመስከረም ጀምሮ የሰሙት «ቁጭ በል!» ብቻ ነው። እንዴት እንደሚወጣ፣ ቦርሳው የት እንደሚደረግ፣ ሲወርድ ወዴት እንደሚሄድ ማን አሳያቸው?

ስለዚህ ከርዕሰ መምህሩ ሃያ ደቂቃ ለምኚ። የእረፍት ሰዓት ይሁን፣ አርብ ከሰዓት ይሁን፣ ግድ የለም። መኪናው ግቢ ውስጥ ይቁም። የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፣ ጎማው ሥር ታኮ ይደረግ፣ ቁልፉ ሹፌሩ ኪስ ይግባ። ከዚያ ኖራ ወይ ጠመኔ ውሰጂና መኪናውን ዙሪያውን ሦስት ሦስት ሜትር ርቀሽ አስምሪበት። ለትንንሾቹ ሦስት ሜትር ማለት ምንም አይነግራቸውም። እኔ «አምስት የግመል እርምጃ» ነው የምላቸው። ወደ ባቲ የሚነዳ ግመል እያዩ ያደጉ ልጆች ስለሆኑ ወዲያው እግራቸውን እየዘረጉ ይለኩታል፤ ሳቁም አንድ ነገር ነው።

አሁን ጨዋታው ይጀመር። አንዱን ልጅ ሹፌሩ ወንበር ላይ አስቀምጪው። ሌሎቹን ከመስመሩ ውስጥ በትኛቸው። ሦስቱ ከፊት ፓራውልቱ ሥር ቁጢጥ ይበሉ፣ አንዱ የኋላ ጎማው ጋ ይጠጋ፣ ሌላው በሩ አጠገብ የጫማ ክር የሚያስር መስሎ ጎንበስ ይበል። ሹፌር የሆነው ልጅ የሚያያቸውን በስማቸው ይጥራ። ያልተጠራ ባለበት እጁን ያውጣ። እጆቹ ሲወጡ የልጆቹን ፊት እይ። አንዷ የ2ኛ ክፍል ልጅ መሪውን ይዛ «ኧረ የሉም! የት ሄዱ?» ብላ የጮኸችውን አልረሳውም፤ ሦስት ጓደኞቿ ከአፍንጫዋ ሥር ተደርድረው ነበር። ልጅቷ አጭር ስለሆነች ነው እንዳይሉሽ ሹፌሩም ራሱ ይቀመጥና ይሞክረው። እሱም ደንግጦ ነው የሚወርደው። ከዚያ በኋላ «ከመኪናው ራቁ» ስትያቸው ቃሉ ትርጉም ይኖረዋል፤ ምክንያቱም ሹፌሩ ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ስለማያያቸው እንደሆነ በዓይናቸው አይተዋል።

አንቺ የጠየቅሽኝ ውስጥ ስላለው ረብሻ ነው፤ እኔ ግን ከውጭ የጀመርኩት ወድጄ አይደለም። አሜሪካኖች በቢጫ የተማሪ አውቶቡሳቸው ይታወቃሉ። በ1939 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ ባለሙያዎች ተሰብስበው ቀለሙን ጨምሮ 44 መለኪያዎች አወጡለት። ከ1977 ጀምሮ ደግሞ ወንበሮቹ ረጃጅም፣ ወፍራም ስፖንጅ ያላቸውና የተጠጋጉ እንዲሆኑ በሕግ ተደነገገ፤ ግጭት ቢደርስ ልጁ ካርቶን ውስጥ እንዳለ እንቁላል ተይዞ እንዲቀር ነው። ይኼ ሁሉ ተደርጎ እዚያ አውቶቡሱ ውስጥ ሆነው ከሚሞቱት ልጆች ይልቅ በእግራቸው ሳሉ ውጭ ተገጭተው የሚሞቱት ይበዛሉ። ለመውጣት ሲጠብቁ ወይም ወርደው ሲሄዱ የሚገጩ ናቸው፤ አንዳንዴም የሚገጫቸው የራሳቸው አውቶቡስ ነው። እኛ ጋ ያ አውቶቡስ የለም፤ የበሩ ነገር ግን ያው ነው።

እኔ ላይ የደረሰውን ልንገርሽ። ኮምቦልቻ፣ ከሰዓት፣ ሙቀት ነው፣ ሁላችንም ደክሞናል። አንድ የ2ኛ ክፍል ልጅ አወረድኩ። በሩን ዘጋሁ፣ ቆርቆሮውን ሁለቴ ደብደብ አደረግኩና «ሳበው!» አልኩ። መኪናው ነቅነቅ ሲል ከማዶ ሱቅ ውስጥ ያለችው ሴትዮ «ቁም! ልጅ! ልጅ!» ብላ ጮኸች። ሹፌሩ ፍሬኑን ረገጠው። ልጁ ከፊት ጎማው ሥር ወጣ። ብይ ወድቃበት ኖሮ ሊያነሳት ነው የገባው። በሁለት ጣቱ ይዟት እያሳየኝ ሳቀ። እኔ እግሬ ከዳኝና የበሩ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። ጥፋቱ የልጁ አልነበረም። ሰባት ዓመቱ ነው፤ ብይ ከወደቀች ትነሳለች፣ እሱ የሚያውቀው ይኼን ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ሳላየው «ሳበው» አልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ነገር አይቀየርም። አንደኛ፣ የወደቀ ዕቃ የረዳቷ ነው። ልጆቹ ይህን በቃል እንዲይዙት አድርጊ፤ ብይ ይሁን፣ እርሳስ ይሁን፣ የፈተና ወረቀት ይሁን፣ ከመኪናው አጠገብ ከወደቀ ማንም ጎንበስ አይልም፤ ወደ ኋላ ይላል፣ «ወደቀብኝ!» ይላል፣ አንቺ ታነሺለታለሽ። እኔ ኪሴ ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት እርሳስ ይዤ እዞራለሁ፤ ነፋስ ቢወስድባቸው እንኳ እንደምተካላቸው ስለሚያውቁ አይሯሯጡም። ሁለተኛ፣ «ሳበው» የሚባለው የወረደውን ልጅ አምስት የግመል እርምጃ ርቆ፣ ፊቱን ካየሁት በኋላ ነው። ሁለት ልጅ ከወረደ ሁለት ፊት። ጀርባ አይቆጠርም።

ሲወርዱ አንቺ ቀድመሽ ውረጂ። ይኼ ለደሴ የግድ ነው። ሚኒባስ ዳር ሲይዝ በቀኝ በኩል ባለችው ጠባብ ክፍተት ባጃጅ ወይ ሞተር ሳይክል ሹልክ እንደሚል ታውቂዋለሽ፤ ፒያሳ ላይ ቆመሽ አምስት ደቂቃ ብታዪ ይበቃል። በሩን ከፍተሽ መጀመሪያ ወደ ኋላ እይ፣ ከዚያ በሰውነትሽ ክፍተቱን ዝጊው፣ ከዚያ አንድ በአንድ። እጀታውን ይዘው፣ ፊታቸውን ወደፊት አድርገው፣ ሳይዘሉ። ክረምት ከሆነ ደረጃው ጭቃ ነው፣ ቦዩም ሞልቶ ይፈሳል፤ መኪናው ከቦዩ ራቅ ብሎ ካልቆመ በስተቀር ልጁ የሚያርፍበት ቦታ የለውም፤ ይህን ከሹፌሩ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ተንጠልጣይ ነገርም እይ። የቦርሳ ማሰሪያ፣ የሻርፕ ጫፍ፣ የሂጃብ ጫፍ፣ የሹራብ ገመድ በር ውስጥ ይቀራል። ሴቶቹ ልጆች ከመነሳታቸው በፊት የሂጃቡን ጫፍ ሹራባቸው ውስጥ እንዲከቱት አስለምጃቸዋለሁ፤ አሁን እርስ በርስ ነው የሚተዛዘኑት።

መሻገርን በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ አለኝ። ስልክ ላይ የሚዞሩት የውጭ አገር ቪዲዮዎች ልጆቹ በአውቶቡሱ ፊት ለፊት ሲሻገሩ ያሳያሉ። እዚያ አውቶቡሱ ቀይ መብራት ሲያበራና የቁም ምልክቱን ሲዘረጋ ከኋላም ከፊትም የሚመጣው መኪና መቆም አለበት። እዚህ ሸዋበር ላይ ሰርቪስ ስለቆመ ብሎ የሚቆም ባጃጅ አይተሽ ታውቂያለሽ? ቆሞ ያለውን መኪና ቀድሞ ለማለፍ ነው የሚጣደፈው። ልጁ ከሚኒባሱ ፊት ብቅ ሲል ባጃጁም እሱን አላየውም፣ እሱም ባጃጁን አላየም። ስለዚህ ያንን ቪዲዮ እርሺው። ከሁሉ የሚሻለው ልጁን ቤቱ ባለበት በኩል ማውረድ ነው፣ መስመሩ ቢረዝምም። ካልተቻለ አንቺ እጁን ይዘሽ አሻግሪው። በር ላይ የሚቀበለው ሰው ካለ ደግሞ ልጁ አብሮት ይቁም፣ ሰርቪሱ ይሂድ፣ መንገዱ ወለል ብሎ ሲታይ ይሻገሩ። የታችኛው ክፍል ልጅ የሚመጣ መኪና ምን ያህል እንደሚፈጥን መገመት ገና አይችልም። «ግራ ቀኝ አይተህ ተሻገር» ብሎ መልቀቅ ለሱ በቂ አይደለም፤ ያያል፣ ግን ያየውን አይመዝነውም።

ወላጆችም ይስሙኝ። ማዶ ቆማችሁ «ና፣ ና የኔ ጌታ!» እያላችሁ በእጅ አትጥሩ። ልጅ እናቱን ሲያይ መንገድ አያይም። እናት የምትቆመው በሩ በሚከፈትበት በኩል ነው። ክላክስም እንደዚሁ ነው። ጠዋት ልጁ ሲዘገይ ሹፌሩ ክላክሱን ሦስት ጊዜ ይነፋል፤ ልጁ አንድ እጁ የሹራቡ እጅጌ ውስጥ፣ ዳቦው አፉ ውስጥ ሆኖ ሲሮጥ ይመጣል፤ ያ ክላክስ መንገድ ላይ ጠራው ማለት ነው። ለዘገየ ልጅ ስልክ ይደወላል ወይ አንቺ ወርደሽ ትጠሪዋለሽ። ሁለት ደቂቃ ነው የምትከስሩት።

ወደ ውስጥ እንግባ። ወንበር ተመድቧል? ካልተመደበ የምታዪው ረብሻ ግማሹ የወንበር ሽሚያ ነው። ሁሉም ልጅ የራሱ ቦታ ይኑረው፤ ስሙን ጽፈሽ ለጥፊ፤ ማንበብ ለማይችሉት ስዕል አድርጊ፤ አንበሳ፣ ዶሮ፣ ሙዝ። ትንንሾቹ ከፊት ካንቺ አጠገብ፣ ግን ጋቢና ውስጥ አይደለም፣ ሞተሩ ላይም አይደለም። ትልልቆቹን ከኋላ አትከምሪያቸው። የኋላው ወንበር መንግሥት የሌለበት አገር ነው። አንዱን 6ኛ ክፍል ከአንድ ኬጂ ጋር አጣምሪ። «ይኼ ታናሽህ ነው፤ ቀበቶውን አንተ ነህ የምታስርለት፣ ሲወርድ ቦርሳውን አንተ ነህ የምታቀብለው» በዪው። እኔ ጋ በጣም ያስቸገረን ልጅ ነበር፤ ትንንሾቹን በማስመሪያ ጆሯቸውን እየመታ የሚያስለቅስ። አንዲት ለቅሶ የማታቆም የኬጂ ልጅ ሰጠሁት። ለሁለት ቀን አኮረፈ። በሦስተኛው ቀን ማስመሪያውን እንደ ማይክ ይዞ ሲያስዘፍናት አገኘሁት። ሁሉም ልጅ እንዲህ ይለወጣል አልልሽም፤ አንድ ሌላ ልጅ ላይ ሞክሬ አልሠራልኝም፣ እሱን ከአጠገቤ አስቀመጥኩት፣ በቃ።

ሕግ አታብዢ። እኛ ሦስት ብቻ ነው ያለን፦ መቀመጫ ከወንበር፣ ጀርባ ከመደገፊያ፣ ቦርሳ ከጭን። ትንንሾቹ እያጨበጨቡ ይሉታል። እጅ በመስኮት ማውጣት፣ መቆም፣ ዞሮ ከኋላ ካለው ጋር መጣላት፣ ሁሉም ከነዚህ አንዱን ሳይጥስ አይሆንም። ዝም ይበሉ የሚል ሕግ እንደሌለ ልብ በይ። ልጅ ሙሉ ቀን ዝም ብሎ ተቀምጦ ነው የወጣው፤ ያውራ። ድምፁ ሹፌሩ ጆሮ ላይ ከደረሰ እጅሽን ከፍ ታደርጊያለሽ፣ ያየ ሁሉ እጁን ያነሳል፣ ዝቅ ይላል። ይህንንም ቆማችሁ ሳላችሁ ተለማመዱት፤ ሦስቴ አራቴ እየጮኹ፣ እያነሱ፣ ዝም እያሉ። ለነሱ ጨዋታ ነው። የደህንነት ቀበቶ ካለ መታሰሩን አንድ በአንድ እይ። ስለቢጫው አውቶቡስ ያነበቡ አንዳንድ ሰዎች «እዚያ እንኳ ብዙው ቀበቶ የለውም» ይሉሻል። እዚያ ያ ወፍራም ወንበር አለ። የኛ ሚኒባስ ከፊትሽ ያለው ብረት ነው።

ቦርሳ ከጭን ያልኩት አለነገር አይደለም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለውን መንገድ ታውቂዋለሽ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ትወርጃለሽ፣ ጥምዝምዝ ነው። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር ኮዳ ወደቀ። ውሃው ግማሽ ነው፤ ጓ ጓ እያለ በወንበሮቹ መሃል ወደፊት ተንከባለለ፣ መጠምዘዣው ላይ ወደ ግራ ሄደ፣ ከዚያ ወደ ሹፌሩ እግር። እኔ ተንበርክኬ ከፍሬኑ ሥር አንድ ስንዝር ሲቀረው ያዝኩት። ኮዳ ከፔዳሉ ሥር ከገባ ሹፌሩ ፍሬን ቢረግጥ አይወርድለትም። ይህን ለልጆቹ ቆማችሁ ሳላችሁ አሳያቸው፤ ሹፌሩ ኮዳውን ፔዳሉ ሥር አድርጎ ይርገጥና ይዩት። ከዚያ በኋላ ኮዳ የሚጥል ልጅ ካለ ሌሎቹ ናቸው የሚጮኹበት።

አሁን ስለ ሹፌሩ። ለልጆቹ ትምህርት እንዲሆን ብሎ ፍሬን መያዝ ትምህርት አይደለም። የቆመው ልጅ ጥርሱ ከፊቱ ወንበር ብረት ጋር ይጋጫል፤ ከኋላ ተጠግቶ የመጣ ባጃጅ ካለ ደግሞ ይገባባችኋል። ዞሮ መቆጣትም እንዲሁ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ይሄዳል፤ «ዝም በሉ!» ብሎ ለሁለት ሰከንድ ዞር ሲል 22 ሜትር ዓይኑን ጨፍኖ ነዳ ማለት ነው። ግን ይህን ልጆቹ ፊት አትንገሪው፤ ሰው ነው፣ ይከፋዋል። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ሻይ ላይ «ጋሼ፣ ልጆቹን ለእኔ ይተዉልኝ፤ መንገዱን እርስዎ ይያዙልኝ» በያቸው። በእድሜ ካልራቀሽ በራስሽ ቋንቋ። አብዛኛው ሹፌር እንዲህ ሲባል ደስ ይለዋል፤ ያስቆጣው የነበረው ሁለቱም ሥራ እሱ ላይ መውደቁ ነው። እምቢ ካለ ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ አሳውቂ፣ ቀኑንና ቦታውን ጠቅሰሽ።

መቆንጠጡን ተዪው። ልቤን ስለሚያሳዝነው ብቻ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና ለማሳደግ ኃላፊነት ባለባቸው ተቋማት ውስጥ ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል፤ ሰርቪሱ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ነው። በዚያ ላይ አይሠራም። የተቆነጠጠ ልጅ አንቺ ስታዪ ብቻ ነው የሚቀመጠው። መንገድ ላይ ማውረድ ደግሞ በፍጹም፣ ለማስፈራራት እንኳ አይባልም። ሁለት ልጆች ከተጣሉ መጀመሪያ ለያያቸው፣ ማን ጀመረው የሚለውን ችሎት መኪና ውስጥ አታስችዪ። ትምህርት ቤት ስትደርሱ ለየብቻ ጠይቂ። ለወላጅም «ልጅሽ ረባሽ ነው» አይባልም። «ዛሬ ሁለት ጊዜ እጁን በመስኮት አወጣ፤ ነገ አጠገቤ ይቀመጣል» በያት። እናት ያደረገውን ስትሰማ ትረዳሻለች፤ ስም ስታወጪለት ግን ከልጇ ጎን ነው የምትቆመው።

አንድ የማልወደውን ነገር ልናገር። ታጣፊው ወንበር ላይ ሁለት ሁለት እየተደረቡ፣ ሁለቱ ቆመው ከሆነ የምትሄዱት የነገርኩሽ ሁሉ ውሃ በወንፊት ነው። ወንበር የሌለውን ልጅ «ተቀመጥ» ማለት አይቻልም። ዙሩን ሁለት ማድረግ ወይ መኪና መጨመር የትምህርት ቤቱ ሥራ ነው፤ ያንቺ ሥራ የልጆቹን ቁጥርና የወንበሩን ቁጥር ጎን ለጎን ጽፎ ማስገባት ነው። ወላጆች ወረቀቱን ካዩት ነገሩ ይፈጥናል።

ደሴ ስለሆንሽ ጉሙን አልተውም። ጦሳ ጉም ለብሶ በሚያድርበት ሰሞን ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አሥር እርምጃ ፊትሽ ያለው ሰው አይታይም። የልጆቹ ሹራብ ደግሞ ጥቁር ሰማያዊ። ቦርሳቸው ላይ ነጭ ወይ ቢጫ ጨርቅ ስፉላቸው፤ የሚያብለጨልጭ ቁራጭ ካገኛችሁ ይበልጣል። የሚጠብቁት ከአስፋልቱ ገባ ብለው፣ ግድግዳ ወይ የሱቅ በረንዳ ተጠግተው ነው። ሰርቪሱ ቆሞ፣ በሩ ተከፍቶ፣ አንቺ ስማቸውን እስክትጠሪ አይንቀሳቀሱም። ጃንጥላ የያዘ ልጅ አይሰማም አያይምም፤ በጃንጥላ እየመጣ ከሆነ ሄደሽ ተቀበዪው። ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ጉሙ ባይበዛባችሁም ከጅቡቲ በሚሌ በባቲ የሚመጣው ተሳቢ አለባችሁ። ዋናው መንገድ ዳር ልጅ አታውርዱ፤ ወደ ውስጥ ታጠፉ። ተሳቢ ሲታጠፍ የኋላው ጎማ ከፊተኛው ይልቅ ጥጉን ቆርጦ ነው የሚያልፈው፤ ጥግ ላይ የቆመ ልጅ የፊተኛው ጎማ አልፎት ተረፍኩ ሲል የኋላው ያገኘዋል።

በዓመት ሁለት ጊዜ መውረድን ተለማመዱ። ጭስ ቢወጣ፣ መኪናው ቢበላሽ ምን ይደረጋል? ቦርሳ ይቀራል፣ ከፊት ወንበር ያሉት ቀድመው ይወርዳሉ፣ ትልቁ የትንሹን እጅ ይይዛል፣ በስም ይቆጠራል። ዳገት ላይ ከሆናችሁ የምትሰበሰቡት ከመኪናው ሽቅብ፣ በተራራው በኩል ነው። ቁልቁል በኩል አይደለም፤ ፍሬኑ ቢለቅ መኪናው የሚሄደው ወደዚያ ነውና። ገደል በኩልም አይደለም። ይህን ግቢ ውስጥ ስታለማምጃቸው «ሽቅቡ የቱ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ሜዳ ላይ ያደገ ልጅ ሊደናገር ይችላል፤ የደሴ ልጅ ግን ወዲያው ነው የሚያሳይሽ።

ሁሉንም በአንድ ሳምንት አትጀምሪ። የመጀመሪያው ሳምንት ወንበርና ሦስቱ ሕጎች፣ ሁለተኛው የኖራው መስመርና «ወደቀብኝ»፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ ሌላውን። በሦስተኛው ሳምንት መሃል እንደገና ይፈርሳል፤ ሁልጊዜ ይፈርሳል፣ በተለይ ከበዓል ሲመለሱ። አትደንግጪ፣ አርብ እንደገና አቁመሽ አለማምጃቸው።

መጨረሻ ላይ፣ ሁሉም ወርዶ ሹፌሩ ሊሄድ ሲል፣ አንቺ ተመልሰሽ እስከ ኋለኛው ወንበር ሂጂ። በእጅሽ ወንበሩን እየነካሽ፣ ሥሩንም ጎንበስ ብለሽ እያየሽ። የኬጂ ልጅ ሲተኛ ተጣጥፎ ከቦርሳ አይለይም። ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ መስኮቱ ተዘግቶ የቆመ መኪና ውስጥ ልጅ ቢቀር ምን እንደሚሆን ልነግርሽ አልፈልግም። ብዙ ቀን የምታገኚው የአንድ እግር ካልሲና የሙዝ ልጣጭ ነው። እኔ በእነዚህ ዓመታት አንድ ጊዜ ብቻ ልጅ አግኝቻለሁ፤ እርሳስ አፏ ውስጥ አድርጋ ተኝታ ነበር፣ ስቀሰቅሳት «ደረስን?» አለችኝ።